ማግኔት የማይዘው በር

ከድጃ መሕሙድ ሰው ወደ ሱቋ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው። ምን እንደያዘ፣ የት እንደሚያሳርፈው፣ ምን እንደሚነካካ አይታ ስታበቃ ነው ቀና ብላ ፊቱን የምታየው። እኛ በደሴ የሆጤ ሰፈር ጎረቤቶቿ ጠባይዋን ስለለመድነው አንቀየማትም። ሳሙና ልንገዛ ሄደን እንኳ እጃችንን ባንኮኒው ላይ ዘርግተን እንቆማለን።

ስድሳውን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲቷ ልጇ ሀናን ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ትሠራለች፤ ቤት ተከራይታ የምትኖረውም እዚያው ነው። ከድጃ የምትተዳደረው በግቢዋ በር ላይ ባለችው ሱቅ ሲሆን፣ ከግቢው በስተኋላ አባቷ አቶ መሕሙድ ያቆሙት ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው መፍጨት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። በሩ ግን ሁልጊዜ በድርብ ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚታየው። ምን አለው ብለን ስንጠይቃት “የአባቴ ዕቃ” ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ዕቃው መኪና ነበር። እኔ ራሴ ግድግዳ ተጋርቻት ስኖር ይህን ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ደሴ ውስጥ መኳንንት የሚባል የባለርስት ልጅ ነበር። መንዳት ነፍሱ ነው። የመኪና ውድድር ተዘጋጀ ከተባለ አዲስ አበባም ይሁን አሥመራ አይቀርም። የሚነዳት ከጣሊያን አገር ያስመጣት ባለ ሁለት በር ቀይ አልፋ ሮሜዮ ናት። አቶ መሕሙድ የወፍጮ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የሞተር ነገር ስለገባቸው መኳንንት መኪናዋን ከእሳቸው በቀር ሰው አያስነካትም። እንዲህ ሲገናኙ ወዳጅ ሆኑ። አንዱ ዱቄት ለብሶ የሚውል የሙስሊም ልጅ፣ አንዱ ክራቫት የማይለየው የባላባት ልጅ፤ ሰው ይገረምባቸው ነበር አሉ።

አብዮቱ መጥቶ የባለርስት ልጆች መታደን ሲጀምሩ መኳንንት አንድ ማለዳ መኪናዋን ነድቶ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አስገባት። ከድጃ ያኔ ገና ልጅ ናት፤ በር ጥግ ቆማ አይታለች። ቁልፉን ለአባቷ ሰጣቸው። ነገሩ ሲበርድ እመጣለሁ፣ እስከዚያው በእጅህ አማና፣ አደራ ናት አላቸው። አባቷም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ። መኳንንት በአፋር በረሃ በኩል ከአገር ሊወጣ ሲሞክር ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የሞቱ ወሬ ብቻ ነው። ሚስቱም ሕፃን ልጇን አዝላ ከተማውን ለቃ ወጣች፤ የሄደችበትን ያወቀ አልነበረም።

አቶ መሕሙድ ጎማዎቹን አወለቁ። መኪናዋን በግንድ ላይ አስቀመጧት፣ ከሥር እስከ ላይ ግራሶ ቀቧት፣ ፊት ለፊቷን ደግሞ የፉርሽካ ጆንያ እየደረደሩ ግድግዳ ሠሩላት። የባላባቱ መኪና የት ገባች ተብለው ታስረው ተጠይቀዋል። ይዟት ሄዷል ብለው ጸኑ። ሲሞቱም ለከድጃ የተናዘዙት ስለ ቤትና ስለ መሬት ሳይሆን ስለዚህችው መኪና ነው፤ ባለቤቷ ወይ የባለቤቷ ደም ካልመጣ በቀር ማንም እንዳይወስዳት።

ጦርነቱ ደሴ የደረሰ ጊዜ ብዙዎቻችን ቤታችንን ጥለን ስንወጣ ከድጃ አልሄድም ብላ ቀረች። ያን ጊዜ በእግሯ መታመም አመካኝታ ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪና ፍለጋ በየግቢው ሲገቡ የእሷንም ወፍጮ ቤት አስከፈቱት። ጆንያው ያን ጊዜ ተንዶ ስለነበር መኪናዋን አዩዋት። ጎማ የሌላት፣ ዶሮ የሚያድርባት አሮጌ ነገር ሆነችባቸው። አንደኛው በሩን በጫማው መትቶ ሳቀና ዶሮዎቹን ይዘው ሄዱ።

መዘዙን ያመጣው ከዚያ በኋላ የገባችው ዶሮ ናት። ሀናን አንድ እሑድ መጥታ ዶሮዋ የመኪናዋ መሪ ሥር እንቁላል ላይ ተኝታ ብታያት ሳቋ መጣና ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለቀቀችው። ሹፌሯን ተዋወቁልኝ የሚል ነገር ጽፋበታለች። ሰው ሁሉ ስቆ አለፈ። አንድ ሰው ግን ዶሮዋን ሳይሆን መሪውን ነበር ያየው።

ብዙም ሳይቆይ እዮብ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጫማው የደሴን ጭቃ አያውቅም። ሰላምታው ጥሩ ነው፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። አሮጌ ራዲዮ፣ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና፣ ምናልባትም አሮጌ መኪና ካለ እገዛለሁ አለ። ከድጃ ሰውየው መኪናን በመጨረሻ እንደጠራት፣ ዓይኑ ግን ከሁሉ በፊት ወደ ወፍጮ ቤቱ እንደሄደ አስተዋለች። የለኝም ብላ ሸኘችው።

ሁለተኛ ሲመጣ ሀናንን አስከትሎ ነው። በፎቶው በኩል አግኝቷት፣ ደውሎላት፣ አግባብቷታል። አይቶ ይሂድ እንጂ ምን ይወስዳል ብላ ልጅቷ ለመነች። ከድጃ ልጇን ሰው ፊት ላለማሳፈር ከፈተች፤ ሲገቡ ግን አጠገቡ ተለጥፋ እጁን ትከታተል ጀመር። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ፎቶ አነሣ። ለአራቱ ሲሊንደር እንደ ሌላው መኪና አራት ሳይሆን ስምንት ካንዴላ መኖሩን ቆጥሮ ሲያበቃ ትንፋሹ ተቀየረ። ከዚያ ዞር ያለች መስሎት ከኪሱ አንዲት ትንሽ ነገር አውጥቶ በሩ ላይ አስደገፋት። ወደቀች። ቀልቦ ኮፈኑ ላይ ሞከራት፤ እዚያም ወደቀች። ጎንበስ ብሎ ከበሩ በታች ባለው ብረት ላይ ሲያስጠጋት ግን ጠቅ ብላ ተለጠፈች።

ላቡን ጠረገና፣ “እማማ፣ ይቺ እንኳ አርጅታለች፤ ለመለዋወጫ ካልሆነ አትጠቅምም። ቢሆንም ደህና አድርጌ ልግዛዎት” አላት።

“የማትጠቅም ከሆነች እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?” አለችው።

ውጣልኝ አለችውና በሩን ቆለፈች።

በማግስቱ እኔን ጠራችኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ የማላውቀው ነገር የለም ብላ ታስባለች። ያን ቀን ነው ገብቼ መኪናዋን ያየኋት። ከድጃ ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት በእጇ ይዛለች። በሩ ላይ አስጠግታ ስትለቀው መሬት ወደቀ። አንስታ ደግማ ለቀቀችው፤ አሁንም ወደቀ።

“ሞላ፣ መኪና ብረት አይደለም እንዴ?” አለችኝ።

ብረት ነው አልኳት። ወሬው ከየት እንደወጣ እንጃ፣ ሰፈሩ ደግሞ የራሱን መልስ ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። አሮጌ ዕቃ ገዢ በመጣ ቁጥር የሚወራው ውድ ሜርኩሪ አለ፤ በዳሽቦርዱ ውስጥ ተቀብሯል ተባለ። ሌላው በቀለሙ ሥር ያለው የብር ማዕድን ነው አለ። በጎኗ ላይ አረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ምልክት እንዳለ የሰሙ የሰፈር ሴቶች ደግሞ የጠንቋይ ነገር ነው ብለው አማተቡ፤ ሙስሊሞቹም አዑዙ ቢላህ አሉ።

እውነቱን ያገኘችው ሀናን ናት፤ በስልኳ ስታስስ ቆይታ አነበበችልን። የጣሊያኑ መኪና ፋብሪካ እንደዚህች ያሉትን ለውድድር ብሎ ጥቂት ብቻ ነው የሠራው። ክብደታቸው እንዲቀል ላያቸውን በአሉሚኒየም አለበሳቸው፤ ማግኔት የማይዘው ለዚህ ነው። ከጥቂቶቹ ብዙዎቹ ውድድር ላይ ተጋጭተው አለቁ፣ ሌሎቹን ዝገት በላቸው። ዛሬ የተረፉትን ሰብሳቢዎች ሕንፃ በሚያሠራ ዋጋ ይሻሟቸዋል። ዋጋው ስለናረም ተራውን መኪና እንደዚህኛው አስመስለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል፤ ገዢ ነኝ የሚል ሁሉ ማግኔት በኪሱ ይዞ የሚዞረው በዚህ የተነሣ ነው።

እኔ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ከድጃ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። “ያረቢ፣ አባቴ ይህን ያውቅ ነበር?” አለችና ያንኑ ቀን ቁልፎቹን ለወጠች። መሪውን አስፈትታ ወስዳ የት እንዳኖረችው ለማንም አልነገረችም። ከዚያ በኋላ ሰው አላምን አለች። ግንብ የሚጠግን ሠራተኛ አጥር ላይ ቢወጣ ትቆጣለች። እኔ በአጥሬ በኩል ስልክ ሳወራ ካየችኝ ከማን ጋር እንደነበርኩ ታጣራለች። ይባስ ብላ ሀናን ብቻዋን ወደ ጓሮ እንዳትሄድ ከለከለቻት።

ሀናን ይህንን መሸከም አቃታት። ባለቤቱ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማን ይመጣል ብለሽ ነው? እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስሰፋ እግሬ አብጦ እየገባሁ፣ አንቺ ዶሮ ማሳደሪያ ትጠብቂያለሽ አለቻት። ከድጃ አማና አይሸጥም አለች።

“እኔንስ ትጠረጥሪኛለሽ?” አለቻት ሀናን።

ከድጃ አንገቷ ላይ ያሰረቻቸውን ቁልፎች በእጇ ጨበጠች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ለሳምንታትም አልመጣችም። ከድጃ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ወደ መንገዱ ስታይ ትውላለች፤ ልደውልላት ስላት ግን ራሷ ስትፈልግ ትደውል ትለኛለች።

በዚህ መሀል ነው ጽናት የመጣችው። ሃምሳ የሞላት የምትመስል፣ ቀለል ያለ ቀሚስና ሹራብ የለበሰች ሴት። የመኳንንት ልጅ ነኝ አለች። ካለፈው ግርግር ወዲህ ከድጃ እንግዳ ሰው ሲመጣ ምስክር እንድሆን ትጠራኛለችና እኔም ነበርኩ። ከድጃ ወደ ቤት አላስገባቻትም። ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠቻት። እኔ ወደ መንገዱ ብመለከት እዮብ ራቅ ብሎ አንድ ባጃጅ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከድጃ ከእኔ ቀድማ አይታዋለች።

ጽናት ከቦርሳዋ አሮጌ ሊብሬ አውጥታ ዘረጋች። የአባቷ ስም አለበት፣ የሻንሲው ቁጥርም አለበት። ከድጃ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና መለሰችላት። ቁጥሩን ያ ደላላ ባለፈው ፎቶ አንስቶታል፤ ቁጥር ካለ ወረቀት ማሠራት ቀላል ነው አለች። የአባትሽ መልክ ምን ዓይነት ነበር ስትላት ጽናት አላስታውሰውም፣ ጡት ሳልጥል ነው የጠፋው አለች። ወንድም አለሽ? የለኝም። እናትሽስ? በሕይወት አለች፣ ሐዋሳ ናት፣ አርጅታለች። የምን ሃይማኖት ናችሁ? እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፣ አሁን ሁላችንም ጴንጤ ነን። ለሁሉም መልስ ነበራት፤ መልሷ በቀለለ ቁጥር ግን የከድጃ ፊት እየጠቆረ ሄደ። እኔም አላመንኳትም። ሃምሳ ዓመት ያልተሰማ ሰው መኪናዋ ውድ መሆኗ በታወቀ በወሩ ሲመጣ ማን ያምናል?

በመጨረሻ ከድጃ፣ እህቴ፣ በከንቱ ደክመሻል፣ ለላከሽ ሰው እዚህ ምንም የለም በይው አለቻት።

ጽናት ተነሣች። የምትሄድ መስሎን ነበር። እሷ ግን እዚያው ቆመች።

“እኔም መምጣት አልፈለግሁም ነበር” አለች። “እናቴ ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። የአባትሽን ንብረት የደሴው ወፍጮ ቤት በላው፣ ወዳጅ መስሎ ዘረፈን እያለች ነው ያሳደገችኝ። ደብተር ባጣሁ ቁጥር የአባትዎን ስም እሰማ ነበር። እዚህ የመጣሁት የሌባውን ቤት በዓይኔ ለማየት ነው።”

እኔ ደነገጥኩ። የአቶ መሕሙድን ስም በሆጤ እንዲህ የሚያነሣው የለም። ከድጃ ትጮሃለች፣ ታባርራታለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ሴትዮዋን ትክ ብላ ተመለከተቻት። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ በገመድ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች አወጣች።

“ነይ ግቢ” አለቻት።

ወደ ጓሮ ስንሄድ ከድጃን ተጠግቼ ምን እያደረግሽ ነው ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

“ልታታልለኝ የመጣች ብትሆን ትሸነግለኝ ነበር” አለችኝ። “ወላሂ፣ ከመኳንንት ልጅ በቀር አባቴን እንዲህ የሚጠላ ሰው ሊኖር አይችልም።”

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ መኪናዋ ላይ አረፈ። ጽናት ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። እዚያ ቤት ውስጥ አንዲትም ጎማ የሌላት፣ ግን ግራሶዋ ያልደረቀ፣ መስታወቷ ያልተሰነጠቀ መኪና ቆማለች። ከድጃ በእጇ እየነካች ታሳያት ጀመር። ይህን ጆንያ አባቴ ነው የደረደረው። ይህ ጎድጓዳ ጦርነቱ ጊዜ በጫማ የተመታው ነው። ግራሶውን በየዓመቱ እኔ ነኝ የምቀባው። ጎማዎቹ ጣራው ሥር አሉ። አባቴ ስለዚህች ነገር ታስሯል፣ ከዚያ በኋላ ግራ ጆሮው አልሰማ እንዳለ ነው የሞተው። ይህን ሁሉ የምትናገረው ሳትቆጣ፣ አንድ ሰው ዕቃ ሲያስረክብ እንደሚናገረው ነው።

ጽናት መኪናዋን ዞራ አየቻት። በኋላ ግን እሷም ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም፤ ታዲያ ለምን አልፈለጋችሁንም ብላ ጠየቀች።

“አባቴ በመጀመሪያ ጠይቆ ነበር። የባላባት ቤተሰብ ፍለጋ ምን አገባህ ተባለና ፈራ” አለች ከድጃ። “እኔ ደግሞ ስፈልጋችሁ ከእናንተ በፊት ሌባ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ሃቁ ይኸው ነው።”

እዮብ ተጠርቶ መጣ። እሱም ሳይደብቅ ተናገረ። ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ የማን እንደነበረች ካልታወቀ ደህና ዋጋ አይከፍሉም፤ ስለዚህ የድሮ ተወዳዳሪዎችን ሲጠያይቅ የመኳንንትን ስም፣ በስሙም ልጁን ሐዋሳ ድረስ ሄዶ አገኘ። የላካት እሱ ነው ማለት ነው። ከድጃ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው ልኳት ነው አላልኩህም? በሚል ዓይን አየችኝ፤ ደስ ያላት ይመስል ነበር።

መኪናዋን ለማስረከብ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽናት እዚያው ቆማ ለእናቷ እንድትደውል። ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

“እማዬ፣ መኪናዋ አለች” አለች።

ከወዲያ በኩል የአሮጊት ሴት ትንፋሽ ተሰማ። “ማን ደበቃት?” አሉ እናቷ ወይዘሮ ይታይሽ።

“አልደበቋትም። ጠበቁልን።”

“ለምን?”

ጽናት ወደ ከድጃ ስትመለከት ከድጃ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ “አማና ስለሆነች” አለች። ሴትዮዋ እሺ ብቻ ብለው ዘጉት።

ርክክቡ የተደረገው የመስጊዱ ሽማግሌዎችና ከጽናት ጸሎት ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ባሉበት ነው። ከድጃ ያኔም አላረፈችም። መሪውን ከሰወረችበት ያመጣችው መኪናዋ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ከታሰረች በኋላ ነው፤ ገመዱንም ራሷ እየሳበች ሞከረችው። ሀናን ያን ቀን ሳትጠራ መጣች። እናቷን ሳታናግር መጥረጊያ አንስታ ባዶውን ወፍጮ ቤት መጥረግ ያዘች። ከድጃ ገብታ ጆንያውን ታነሣላት ጀመር። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆነው ነበር። ጽናት ከሽያጩ ድርሻ ልስጥ ብትል ከድጃ የአማና ዋጋ አልበላም አለች። ሀናን ግን ጽናት ኋላ በስጦታ የላከችላትን ዘመናዊ የስፌት መኪና ተቀብላ ዛሬ የራሷን ትሰፋለች።

መኪናዋ ከሄደች ከወራት በኋላ ወይዘሮ ይታይሽ በልጃቸው ተደግፈው ደሴ መጡ። የአቶ መሕሙድን መቃብር አሳዩኝ አሉ። የሙስሊም ሴቶች መቃብር ውስጥ ስለማይገቡ ከድጃ እስከ አጥሩ ሄዳ እዚያው ቆመች፤ ቦታውን በጣቷ ጠቆመቻቸው። አሮጊቷም ወደ ውስጥ ሳይገቡ ከአጥሩ ውጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

“አቶ መሕሙድ” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ሳላውቅ ስምዎን አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።”

ምሳ ቀርቦላቸው በልተው፣ ከድጃን ጉንጯን ስመው ሄዱ። መኪናቸው ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ እኔና ከድጃ መንገድ ዳር ቆመን አየን።

“ሞላ” አለችኝ፣ “ያቺ ቀይ መኪና ተራ ብትሆን ኖሮ እኒህ ሰዎች እዚህ ይመጡ ነበር?”

“አላውቅም። ለምን አልጠየቅሻቸውም?” አልኳት።

“እውነቱን ቢነግሩኝስ?” አለችና ወደ ሱቋ ገባች።